ጥቅሉን ማን በላው?

ማታ የተሞላ አምስት ጊጋ ጠዋት የለም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጥቅሉን የሸጠው ኩባንያ ነው፤ «በሉብኝ» የሚለውን ቃል አንድ ቀን ያልተናገረ የከተማችን ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ተደውሎ፣ ሙዚቃው ተሰምቶ፣ «ተጠቅመውበታል» የሚል መልስ ሲገኝ ጥርጣሬው ወደ ቤት ይመለሳል። ልጁ ሌሊት ጌም ሲጫወት ነበር። ልጅቷ ከቲክቶክ ላይ አትነሳም። የቤት ሠራተኛዋ የሆትስፖቱን ፓስወርድ ታውቃለች። ባልና ሚስትም እርስ በርስ ይተያያሉ።

በአንድ ግቢ፣ በአንድ የመብራት ቆጣሪ ከሌሎች ተከራዮች ጋር የኖረ ሰው ይህን ጠብ ያውቀዋል። «እኔ እኮ ያለኝ አንድ አምፖል ነው» የሚለው ሰውዬ ምድጃ አለው፤ «ምጣድ ነክቼ አላውቅም» የምትለው ሴትዮ ካውያ አላት። ጠቡ የሚበርደው ለየቤቱ የየራሱ ቆጣሪ ሲገባ ነው። ስልካችን ውስጥ እንዲህ ያለ ቆጣሪ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ተቀምጧል፤ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ ለየብቻው ይቆጥራል። ችግሩ አብዛኞቻችን ከፋብሪካ እንደወጣ መተዋችን ነው። ያልተስተካከለ ቆጣሪ ደግሞ ከነጭራሹ ከሌለ ቆጣሪ ይብሳል፤ ሰው ለመክሰስ ቁጥር ያቀብላልና።

በዚህ ወር ታዲያ ብዙ ሰው ገብቶ የማይነካቸውን ማስተካከያዎች እናያለን። ስልክዎ አንድሮይድ ከሆነ «ሴቲንግ» ውስጥ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ሳምሰንግ ከሆነ ደግሞ «ኮኔክሽንስ» ብለው ይግቡና «ዳታ ዩሴጅ» የሚለውን ይፈልጉ። ስሙ ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያል። ካጡት ሴቲንጉ አናት ላይ ባለው መፈለጊያ «ዳታ» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

መጀመሪያ የሚስተካከለው ቀኑ ነው። ስልኩ በፈረንጅ ወር ነው የሚቆጥረው። የእርስዎ ጥቅል ግን መቆጠር የሚጀምረው ከገዙበት ሰዓት ነው። የሚገርመው፣ የ30 ቀን ጥቅል ከፈረንጁ ወር ይልቅ ከእኛው ጋር ይገጥማል፤ ጥቅምት 5 የገዙት ኅዳር 5 ያልቃል፣ የዚያን ዕለት ቢያድሱት ታኅሣሥ 5 ያልቃል፣ እስከ ጳጉሜን ድረስ ሳይዛነፍ ይሄዳል። ስልኩ ላይ ግን ጥቅምት 5 ኦክቶበር 15 ነው። «ቢሊንግ ሳይክል» የሚለውን ከፍተው 15 ቢያደርጉት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኦክቶበር 31 ቀን ስላለው በመጀመሪያው ወር በአንድ ቀን ይዛነፋል፤ ጥር ላይ ሲደርስ በሁለት ቀን። በእነዚያ ቀናት የሠሩት ከአዲሱ ጥቅል ላይ የተቀነሰ ሆኖ ሳለ ስልኩ በአሮጌው ላይ ይደምረዋል። ስለዚህ ጥቅል ባደሱ ቁጥር ቀኑን አንዴ ማየት ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የ24 ሰዓት ጥቅል የሚገዙ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ያደናግራቸዋል። የስልኩ ቀን የሚለወጠው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ምሽት 3 ሰዓት ላይ የገዙት ጥቅል ለስልኩ የሁለት ቀን ፍጆታ ነው፤ 3 ሰዓቱ የዛሬ፣ 21 ሰዓቱ የነገ። «ዛሬ የተጠቀምኩት ይኸው ትንሽ ነው፣ ጥቅሉ እንዴት አለቀ?» ከሚሉት ሰዎች ስንቶቹ ግማሹን ብቻ እያዩ ይሆን? የሌሊት ጥቅል የሚገዛማ ጭራሽ የባሰ ነው፤ የስልኩ ቆጣሪ የሌሊቱንና የቀኑን ለይቶ አያውቅም።

ሁለት ሲም ላይ ደግሞ እንምጣ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ 09 እና 07ን በአንድ ስልክ ማስገባት የተለመደ ነው። ቆጣሪው ለእያንዳንዱ ሲም ለየብቻ ነው፤ ቀኑንም ገደቡንም ለየብቻ ማስገባት ያስፈልጋል። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልገው ግን አንዱ ሲም ኔትወርክ ሲደክምበት ስልኩ ራሱ ወደ ሌላው ሲም እንዲዘል የሚፈቅደው ማስተካከያ ነው። ሳምሰንግ ላይ «ኦቶ ዳታ ስዊቺንግ» ይባላል። ሁለቱም ላይ ጥቅል ላለው ሰው ግሩም ነገር ነው። አንዱ ላይ ካርድ ብቻ ላለው ሰው ግን ሲኤምሲ ላይ የጀመረው ቪዲዮ ኔትወርኩ ደከም ባለበት መንገድ ላይ ከካርዱ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ሁለቱ ቁጥሮች፦ «ዋርኒንግ» እና «ሊሚት»። የመጀመሪያው ያስጠነቅቃል፣ ሁለተኛው ይዘጋል። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ከፋብሪካ ሲወጡ 2 ጊጋ ላይ እንዲያስጠነቅቁ ተደርገው ነው። ሃያ ጊጋ የገዛ ሰው በሁለተኛው ቀን ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል፣ «እሺ» ብሎ ያጠፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ማስጠንቀቂያ ማየት ይተዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ራስዎ ጥቅል ያምጡት፤ እኔ የምመርጠው ማስጠንቀቂያውን ከጥቅሉ ሰባ በመቶ ላይ፣ መዝጊያውን ደግሞ ዘጠና ላይ ማድረግ ነው።

ለምን መቶ ላይ አይሆንም? የስልኩ ቆጠራና የኩባንያው ቆጠራ አንድ ስላልሆኑ። ስልኩ ራሱ ገደቡን ሲያስገቡ ይህንኑ ጽፎ ያሳይዎታል፤ ማንም አያነበውም እንጂ። አንዱ ልዩነት የስሌት ነው፤ ጊጋን 1000 ሜጋ ብሎ የሚቆጥር አለ፣ 1024 ብሎ የሚቆጥር አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጊጋ ላይ ሲደርስ ሰባት በመቶ ገደማ ነው፤ በአሥር ጊጋ ላይ አንድ ፊልም ማለት ነው። የእርስዎ ስልክ ምን ያህል እንደሚለይ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ ጥቅል በገዙ ማግስት የኩባንያውን ቀሪ ይጠይቁ፣ በኢትዮ ቴሌኮም *804# ነው፤ በዚያችው ደቂቃ የስልኩንም ቁጥር ይዩ። ከሳምንት በኋላ ይድገሙት። ልዩነቱ ትንሽና የማይለዋወጥ ከሆነ ሰላም ነው፤ ድንገት ከሰፋ ግን ኩባንያው ጋ ሲደውሉ በስሜት ሳይሆን በሁለት ቀን ቁጥር ይከራከራሉ። ገደቡን ዝቅ የማድረጉ ሌላው ጥቅም ካርድን ማዳን ነው። ጥቅሉ ሲያልቅ ከዋናው ሂሳብ መቁረጥ በሚቀጥል ሲም ላይ ከጥቅሉ በላይ የሄደች እያንዳንዷ ሜጋ በጣም ውድ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋተኛ እንምጣ፤ ሆትስፖት።

ከእርስዎ ስልክ ላይ ሆትስፖት የወሰደ ሌላ ስልክ፣ ታብሌት ወይም ቴሌቪዥን የሚያየው ዋይፋይ ነው። ዋይፋይ ደግሞ ነፃ ነው ብሎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ሞባይል ዳታ ላይ ሲሆን የማይደፍረውን ሁሉ ያደርጋል፦ መተግበሪያዎችን ያድሳል፣ ፎቶዎችን ወደ ጉግል ይልካል፣ ቪዲዮውን በትልቁ ጥራት ይከፍታል። ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ እንደሚገልጸው በኤችዲ የሚታይ ፊልም በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይወስዳል፤ በዝቅተኛው ጥራት 0.3 ጊጋ ገደማ ነው። አንድ ፊልም ነው፣ የሚታየውም ያው ነው፤ ዋጋው ግን በአሥር እጥፍ ይለያያል።

መፍትሔው በተቀባዩ ስልክ ላይ ነው ያለው፣ በሰጪው ላይ አይደለም። የልጅዎን ስልክ ይዘው ዋይፋይ ውስጥ የሆትስፖትዎን ስም ይንኩ፤ «ኔትወርክ ዩሴጅ» ወይም «ሜተርድ» የሚል ያገኛሉ። «ትሪት አዝ ሜተርድ» ያድርጉት። ትርጉሙ «ይህ ዋይፋይ በቆጣሪ ነው» ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ እንደ ሞባይል ዳታ ይቆጠባል። አንዳንድ ስልኮች ይህን ራሳቸው ለይተው ያውቃሉ፤ በተለይ አንድሮይድ ለአንድሮይድ ሲሰጥ። ሲም በሚገባባት ትንሿ ተንቀሳቃሽ ራውተር ላይ ግን ብዙ ጊዜ አያውቁም፤ ላፕቶፕም አያውቅም። ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ በዚያው በዋይፋዩ ስም ውስጥ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚል አለ፤ ካልበራ አንድ የዊንዶውስ እድሳት ብቻውን ብዙ ጊጋ ሊወስድ ይችላል። «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለውንም ገብተው ይዩት፤ እርስዎ ያወረዱትን እድሳት በኢንተርኔት ለማያውቋቸው ሰዎች ኮምፒውተር እንዲያካፍል ተደርጎ ሊሆን ይችላል። በእርስዎ ጥቅል!

ሰሚት ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ የማውቃቸው ቤተሰብ ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠረጠሩት የቤት ሠራተኛቸውን ነበር። ልጅቷ ስልክ አላት፣ ፓስወርዱን የሰጧት ራሳቸው ናቸው፣ ማታ ማታ ኩሽና ውስጥ ድራማ ስታይ ያይዋታል። ማስረጃው የተሟላ ይመስል ነበር። በእናትየው ስልክ ላይ ቆጣሪው «ሆትስፖት ኤንድ ቴተሪንግ» በሚለው መስመር ብዙ ጊጋ ያሳያል፤ ይህ መስመር ግን በሆትስፖት የወጣውን ድምር እንጂ ማን እንደወሰደው አይናገርም። ማን እንደወሰደው የሚገኘው በየተቀባዩ ስልክ ውስጥ «ዋይፋይ ዳታ ዩሴጅ» ላይ ነው። ከልጅቷ ስልክ ላይ የተገኘው ትንሽ ነበር። አባትየው ለትንሹ ልጅ ካርቱን እንዲያይበት የሰጠው አሮጌ ስልክ ላይ ግን ጉግል ፎቶስ አናት ላይ ተቀምጧል።

መተግበሪያውን ሲነኩት ሁለት ቁጥር ይመጣል፤ «ፎርግራውንድ» እና «ባክግራውንድ»። የመጀመሪያው ሰው ከፍቶ እያየው የተጠቀመው ነው። ሁለተኛው ማንም ሳይነካው ብቻውን የሠራው። በዚያ ስልክ ላይ ከሞላ ጎደል ሁሉም ባክግራውንድ ነበር፤ የአባትየው የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ፣ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ባደረ ቁጥር፣ ወደ ጉግል እየተጫነ ነበር። ልጅቷን ይቅርታ የጠየቃት ሰው ስለመኖሩ አልነገሩኝም።

ቤትዎ ውስጥ ስለ ዳታ ክርክር ሲነሳ ከማንም ቃል በፊት እነዚህን ሁለት መስመሮች ይዩ። ባክግራውንዱ የበዛበት መተግበሪያ ውስጥ «አላው ባክግራውንድ ዳታ» የሚለውን ማጥፋት ይቻላል። ግን በጅምላ አያጥፉት። ዋትስአፕን ወይም ቴሌግራምን ካጠፉት ስልኩ ኪስ ውስጥ እያለ መልእክትና ጥሪ አይገባም፤ ከዚያ ደግሞ «ደውዬ አታነሳም» የሚል ሌላ ጠብ ይጀመራል። «ዳታ ሴቨር» የሚባለው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስራል፤ ነፃ የሚለቀቁትን በስም እየመረጡ ማስገባት ይቻላል። እሱ በርቶ ሳለ ብዙ ስልኮች ሆትስፖት እንደማይሰጡም ይወቁ። ለአንዳንዱ ወላጅ ይህ እንከን ሳይሆን በረከት ነው።

ቤታቸው ዋይፋይ ያላቸው አንባቢዎች «ይህ እኛን አይመለከትም» ሊሉ ይችላሉ። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ነው። ገርጂም ይሁን አያት መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይጠፋል፤ ስልኩ ግን አይጠፋም። ሞባይል ዳታው በርቶ ከነበረ ፊልሙ ሳይቋረጥ ከጥቅልዎ ይቀጥላል፤ ክፍሉ ከመጨለሙ በስተቀር ምንም ምልክት የለውም። መብራት ሳይጠፋም እንዲህ የሚያደርጉ ስልኮች አሉ፤ ዋይፋዩ ሲደክም በሞባይል ዳታ ያግዛሉ። አይፎን ላይ «ዋይፋይ አሲስት» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአይኦኤስ 9 ጋር ሲመጣ በርቶ ነው የመጣው። «ሴሉላር» ገጽ ታችኛው ጫፍ ድረስ ይውረዱ፣ ከነበላው መጠን ተጽፎ ያገኙታል። ራውተሩ ሁለት ክፍል አልፎ ባለበት ቤት ይህን ማጥፋት ይሻላል። ቤት ሲገቡ ሞባይል ዳታውን አጥፍቶ መቀመጥ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። ራውተሩን የምትይዝ ትንሽ ዩፒኤስ መግዛትም ያዋጣል።

አይፎን ላይ ሳለን፦ የአይፎን ቆጣሪ ወር አያውቅም። «ካረንት ፔሬድ» ተብሎ የሚታየው ቁጥር ራስዎ ገብተው «ሪሴት ስታቲስቲክስ» እስካላሉት ድረስ እየተደመረ ይሄዳል። ስልኩ ከተገዛበት ዓመት ጀምሮ የተከመረ ሊሆን ይችላል፤ መጨረሻ የተነካበት ቀን እዚያው ታች ተጽፏል። ጥቅል በገዙ ቀን እሱን መጫን ልማድ ያድርጉት። የሚዘጋ ገደብ የለውም፤ «ሎው ዳታ ሞድ» የሚባል መቆጠቢያ ግን አለው።

ቴሌግራምን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል፤ በእኛ ከተማ ጋዜጣውም፣ ገበያውም፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያውም እዚያ ላይ ነው። «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ የራሱ ቆጣሪ አለው፤ በሞባይል የወጣውንና በዋይፋይ የወጣውን ለይቶ፣ ፎቶውን ከቪዲዮው ነጥሎ ያሳያል። ከሥሩ «ኦቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ» አለ። ሰው ብዙ ጊዜ አንዱን ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነክቶ ይወጣል። ገባ ሲሉ ግን ከሚያውቋቸው ሰዎች፣ ከግሩፕና ከቻናል የሚመጣውን ለየብቻ መወሰን ይቻላል፤ የፋይሉንም መጠን። የእኔ ምርጫ ፎቶ ከሰዎች ይውረድ፣ ቪዲዮ ከቻናል በፍጹም አይውረድ ነው። የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ጠዋት ጠዋት «መልካም ቀን» የሚል የሻማ ቪዲዮ የሚልኩ አክስት የሌሉት ሰው ካለ ይህን አንቀጽ ይዝለለው። ዩቲዩብም ላይ «ቪዲዮ ኳሊቲ» ውስጥ ለሞባይል ኔትወርክ ብቻ ዝቅተኛውን መምረጥ ይቻላል፤ ቲክቶክም «ዳታ ሴቨር» አለው።

ከስልኩ ቆጣሪ በተጨማሪ ከመደብር የሚወርዱ ቆጣሪዎች አሉ። የሚጨምሩት ነገር እውነተኛ ነው፦ የ24 ሰዓትና የሳምንት ጥቅል ይቆጥራሉ፣ በሃምሳና በሰማንያ በመቶ ላይ ያስጠነቅቃሉ፣ ፍጥነቱን በስክሪኑ አናት ላይ ያሳያሉ። ለኮምፒውተር ግላስዋየር የሚባለው የትኛው ፕሮግራም ከየት ጋር እየተገናኘ እንደሆነ በሥዕል ያሳያል። ስልክ ላይ ከጫኑ በኋላ ባትሪ ቆጣቢው እንዳይነካው ነፃ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ስልኩ ቆጣሪውን ራሱን ሌሊት ይዘጋውና ጠዋት የጎደለ ቁጥር ያነባሉ።

ነገር ግን ቆጣሪ የሚቆጥረው እየተመለከተ ነው። የትኛውን መተግበሪያ መቼና ምን ያህል እንደከፈቱ ሳያይ መቁጠር አይችልም። ኦናቮ የተባለውን የእስራኤል ኩባንያ ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመሠርቶ ዳታ የሚቆጥሩና የሚቆጥቡ ነፃ መተግበሪያዎች ያቀርብ ነበር። በ2013 ፌስቡክ ገዛው። ከዚያ በኋላ በስሙ የቀረበው ነፃ ቪፒኤን የተጠቃሚውን የኢንተርኔት ጉዞ በራሱ በኩል ያሳልፍ ስለነበር፣ ሰዎች የትኞቹን የተፎካካሪ መተግበሪያዎች ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ለፌስቡክ ይነግረው ነበር። በ2018 አፕል ደንቤን ይጥሳል በማለቱ ከመደብሩ ወጣ፣ በ2019 ተዘጋ፤ በ2023 ደግሞ የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለተጠቃሚዎች በግልጽ አልተነገራቸውም በማለት ሁለቱን የሜታ እህት ኩባንያዎች በድምሩ 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍሉ ወሰነ። የጫኑት ሰዎች መረጃቸውን የሚጠብቅላቸው መስሏቸው ነበር።

በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሆኖም ባሕር ማዶ የተሠራ ነፃ መተግበሪያ ስልካችን ላይ ሲጠይቀን «አላው» የምንጫነው እኛው ነን። ዳታ ለመቁጠር «ዩሴጅ አክሰስ» የሚባለውን ፈቃድ መጠየቁ ያለ ነገር ነው። የስልክ ማውጫዎን፣ ማይክሮፎንዎን ወይም ያሉበትን ቦታ ከጠየቀ ግን ለመቁጠር አይደለም። ቪፒኤን ልክፈት ካለ ደግሞ ኢንተርኔትዎ በሙሉ በእሱ በኩል ሊያልፍ ነው፤ ማን እንደሆነ ሳያውቁ አይፍቀዱ። የባንክ መተግበሪያና ቴሌብር ባለበት ስልክ ላይ እኔ ከስልኩ የራሱ ቆጣሪ ሌላ አልጭንም።

ስለ ልጆች አንድ ነገር። ቆጣሪውን የልጅ መሰለያ የሚያደርጉ ወላጆች አሉ፤ ማታ ስልኩን ተቀብለው ዝርዝሩን እንደ ፈተና ወረቀት ያርማሉ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህን ለማምለጥ አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ታሪኩን ያጠፋል፣ ወይም የጓደኛውን ሆትስፖት ይወስዳል። ይልቅ ቆጣሪውን ለራሱ ይስጡት። አንዳንድ ስልኮች ሆትስፖቱ ላይ ለአንድ ጊዜ የሚሰጥ መጠን መወሰን ያስችላሉ፤ «አንድ ጊጋ ለሳምንቱ፣ እንዴት እንደምታብቃቃው አንተ ታውቃለህ» ማለት ይቻላል። በሦስተኛው ቀን ሲያልቅበት ባክግራውንድ የሚለውን ቃል እርስዎ ሳይነግሩት ይማረዋል።

የመጨረሻው የእናት ስልክ ነው። ብዙዎቻችን ቅዳሜ ወይም እሑድ እናታችን ቤት ስንሄድ የምናስተካክለው፣ ካርዱንም ከዚህ ወይም ከውጭ አገር የምንሞላው ስልክ። እዚያ ላይ ያልኩትን ሁሉ ያድርጉ፤ ቀኑን ያስገቡ፣ የቴሌግራሙን ቪዲዮ ያጥፉ፣ ማስጠንቀቂያውን ያስተካክሉ። «ሊሚት» የሚለውን ግን አያብሩ። እሑድ ማታ ከዋሽንግተን የልጅ ልጃቸውን በቪዲዮ እያዩ ገደቡ ቢደርስ ስልኩ ዳታውን ይዘጋል፤ እማማ ደግሞ የሚያስቡት ኔትወርክ ሄደ ብለው ነው፣ ሰኞም ማክሰኞም እንደተዘጋ ይቆያል። ማስጠንቀቂያው ብቻ ይብቃቸው። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ምን እንደሚመስል አንዴ አሳይዋቸው፣ «ይህን ካየሽ ለእኔ ደውዪ» ብለው፤ ለዚያ ጥሪ የሚሆን ትንሽ የድምፅ ጥቅል ለብቻው ይግዙላቸው።